ትርምስን የሚገራ አንጎል፦ ኬኦስ ስለ ነርቭ ሥርዓታችን የሚነግረንና የማይነግረን

በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ አንጎልንና ኮምፒዩተርን ማነጻጸር የዕለት ወሬ ሆኗል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ጽንፎች መካከል ይዋልላል። አንደኛው ወገን አንጎልን ከሥጋ የተሠራ ኮምፒዩተር አድርጎ ያየዋል። ሌላው ደግሞ «ማሽን ሕግ ተከትሎ ይሠራል፤ የሰው አንጎል ግን በኬኦስ ስለሚመራ ሊተነበይም ሊቀዳም አይችልም፤ የፈጠራ ችሎታችንም ነጻ ፈቃዳችንም የሚመነጩት ከዚያ ነው» ይላል።

ይህ ሁለተኛው አባባል ሳይንስን ምስክር አድርጎ ስለሚጠራ ያሳምናል። መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም፤ ኬኦስ በሕያው አንጎል ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ በቤተ ሙከራ ሲጠና ቆይቷል። ችግሩ በጥናት የተገኘውና በአደባባይ የሚወራው እየተራራቁ መሄዳቸው ነው። ጥናቶቹን ተራ በተራ ላያቸው ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ጎልቶ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ አንጎል በተፈጥሮው ወደ ትርምስ የሚያዘነብል ሥርዓት ሲሆን፣ አብዛኛው ሥራው የሚከናወነው ይህን ዝንባሌ እንደ አስፈላጊነቱ በመልቀቅና በመግታት ነው።

ኬኦስ ሲባል ምን ማለት ነው?

በሒሳብና በፊዚክስ ኬኦስ የሚባለው ቋሚ ሕግን እየተከተለ የሚሄድ፣ የረጅም ጊዜ ጉዞው ግን ሊተነበይ የማይችል የለውጥ ሂደት ነው። ዕጣ የለበትም። የዛሬው ሁኔታ ያለ አንዳች ጉድለት ቢታወቅ የነገው አንድና አንድ ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን ጉድለት የሌለው ልኬት በተግባር አይገኝም፤ በመነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት ደግሞ በየቅጽበቱ እየተባዛች ትሄዳለች።

አሜሪካዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎረንዝ ይህን በ1961 በኮምፒዩተሩ ላይ በዓይኑ አየው። ቀደም ሲል ያሠራውን የአየር ጠባይ ስሌት ለመድገም ፈልጎ 0.506127 የነበረውን ቁጥር ወደ 0.506 አሳጥሮ አስገባ። ሁለቱ ስሌቶች መጀመሪያ ላይ አብረው ሄዱ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ተለያዩ፤ በመጨረሻም ምንም የሚያገናኛቸው ነገር ጠፋ። በ1963 ያሳተመው ጽሑፍ የዘመናዊው የኬኦስ ጥናት መነሻ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በዳቦ ሊጥ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የጥቁር አዝሙድ ፍሬዎችን ማሰብ ይጠቅማል። ሊጡ ሲሳብና ሲታጠፍ፣ ዳግም ሲሳብና ሲታጠፍ፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ፍሬዎቹ ይራራቃሉ፤ ከሊጡ ግን አይወጡም። መሳቡ ልዩነትን ያሰፋል፣ ማጠፉ በወሰን ውስጥ ያቆያል። ኬኦስ የሚፈጠረው ሁለቱ ሲጣመሩ ነው። የመራራቁን ፍጥነት የሚለካው በሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ በአሌክሳንደር ልያፑኖቭ ስም የሚጠራው መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ሲሆን ልዩነቶች ያድጋሉ፣ ከዜሮ በታች ሲሆን ይከስማሉ።

ኬኦስን ከ«ኖይዝ» መለየት ያስፈልጋል። ኖይዝ የሚባለው ከሥርዓቱ ሕግ ውጭ የሚመጣ የዘፈቀደ መዋዠቅ ነው፤ ለምሳሌ በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮች በሙቀት ንዝረት ሳቢያ በዘፈቀደ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚፈጠረው መዋዠቅ። ሁለቱም በወረቀት ላይ ሲነበቡ የተዘበራረቀ መስመር ይመስላሉ። ኬኦስ ግን ቢያንስ ለአጭር ጊዜ ሊተነበይ ይችላል፤ በውስጡም ቅርጽ አለው። ቀጥሎ የምናያቸው ውዝግቦች አብዛኞቹ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ከመሆኑ የመነጩ ናቸው።

ትርምሱ ከየት ይመጣል?

የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌሎች የሚመጣለትን መልእክት ሰብስቦ መጠኑ ከአንድ ደፍ ሲያልፍ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይለቃል። እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሪው ሃክስሊ በ1952 የዚህን ምት አፈጣጠር በስኩዊድ በተባለው የባሕር እንስሳ ግዙፍ ነርቭ ላይ አጥንተው በአራት የሒሳብ ቀመሮች ገለጹት፤ በ1963ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት። በ1980ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች ያንኑ የስኩዊድ ነርቭ በየተወሰነ ጊዜ በሚደጋገም ኤሌክትሪክ ሲነካኩት በአንዳንድ ፍጥነቶች ላይ ምላሹ ኬኦሳዊ ሆነ። እንግዲህ አንድ ነርቭ ብቻውን እንኳ ለዚህ አቅም አለው።

ይሁን እንጂ በጤናማ አንጎል ውስጥ የምናየው ያልተስተካከለ የምት አካሄድ ዋና ምንጩ ነጠላው ሕዋስ አይደለም። ዛካሪ ሜይነንና ቴረንስ ሴይኖውስኪ በ1995 ከአይጥ አንጎል በተቆረጠ ስስ ቁራጭ ላይ ይህን አሳይተዋል። አንድን ሕዋስ በሚዋዥቅ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲቀሰቅሱትና ያንኑ ፍሰት ደግመው ደጋግመው ሲሰጡት፣ በየድግግሞሹ ምቶቹ ከሺህኛ ሰከንድ ባልራቀ ልዩነት በዚያው ቦታ ላይ ይወድቁ ነበር። ሕዋሱ ታማኝ ነው። በሕያው እንስሳ ኮርቴክስ ውስጥ፣ ማለትም በአንጎሉ ውጫዊ ንጣፍ፣ ተመሳሳይ ምስል ተደጋግሞ ሲታይ ግን ያው ዓይነት ሕዋስ በየጊዜው የተለያየ መልስ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ይነሳል። የኮርቴክስ ሕዋስ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ሕዋሳት መልእክት ይቀበላል። ብዙ ነገር ሲደመር መዋዠቁ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ድምሩ የተረጋጋ መሆን ነበረበት፤ ሕዋሱም እንደ ሰዓት እኩል እየቆጠረ መምታት ነበረበት። ዊልያም ሶፍትኪና ክሪስቶፍ ኮክ በ1993 ይህን ቅራኔ በግልጽ አስቀመጡት፤ ሕዋሳቱ የሚመቱት ሳንቲም ተወርውሮ የተወሰነ ይመስል በዘፈቀደ ነው።

በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው መልስ በ1996 ከካርል ቫን ቭሪስዊክና ከሃይም ሶምፖሊንስኪ መጣ። አንጎል ውስጥ ሌሎችን ለምት የሚያነሳሱ ቀስቃሽ ሕዋሳትና ምትን የሚያፍኑ ገቺ ሕዋሳት አሉ። ሁለቱም ኃይለኞች ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ከሞላ ጎደል ያጣፋዋል። ከትልልቆቹ ሁለት ኃይሎች የሚተርፈው ትንሽ መዋዠቅ ነው፤ ሕዋሱም ከደፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆይና ያ መዋዠቅ ሲገፋው ብቻ ይመታል። ይህን ሚዛን ማንም ከውጭ አያስተካክለውም፤ ኔትወርኩ፣ ማለትም የተያያዙት ሕዋሳት መረብ፣ ራሱ ያገኘዋል። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያለው ኔትወርክ ያለ ምንም ኖይዝ ከራሱ ሕግ ብቻ ኬኦስ እንደሚያመነጭ በሒሳብ አሳዩ። ሚዛኑ ጥቅምም አለው፤ ሕዋሳቱ ሁሉ ደፍ አጠገብ ስለሚጠብቁ ኔትወርኩ ከውጭ ለሚመጣ ለውጥ አንዱ ነጠላ ሕዋስ ከሚችለው በፈጠነ ሁኔታ መልስ ይሰጣል። ትርምሱ እንግዲህ ለፍጥነት የተከፈለ ዋጋ ሊሆን ይችላል። በግሌ ከዘርፉ ሐሳቦች ሁሉ ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው፤ ትርምሱን እንደ ብልሽትም እንደ ተአምርም ሳያይ፣ ከየትኛው የአሠራር ምርጫ እንደተከተለ ያሳያል።

ከስሌት ወደ ሕያው እንስሳ ስንመጣ፣ በ2010 የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በማደንዘዣ ሥር ባሉ አይጦች ላይ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ፤ በአንድ ሕዋስ ላይ አንድ ምት ብቻ ብንጨምር ምን ይሆናል? መልሳቸው ያ አንድ ምት ሕዋሱ ከሚያገናኛቸው ሌሎች ሕዋሳት መካከል ወደ 28 የሚጠጉ ተጨማሪ ምቶችን ያስነሳል የሚል ነበር። እያንዳንዳቸው ደግሞ ሌሎችን ያስነሳሉ። ስለዚህ ደራሲዎቹ የእያንዳንዱ ምት ትክክለኛ ሰዓት በትርምሱ ስለሚዋጥ ኮርቴክስ በዋናነት መልእክት የሚያስተላልፈው በምቶች ብዛት ነው ብለው ደመደሙ። በአንጻሩ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በጀርመን የወጣ ጥናት የሠለጠኑ አይጦች በአንድ ነጠላ ሕዋስ ላይ የተደረገን ቅስቀሳ፣ ደካማ በሆነ መልኩም ቢሆን፣ ሊያስተውሉ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር። ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

የጥንቸሎቹ አፍንጫ

ኬኦስን ከአንጎል ሥራ ጋር በማያያዝ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ፍሪማን ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጥንቸሎች አንጎል ላይ፣ ሽታን መጀመሪያ በሚቀበለው ክፍል፣ 64 ጥቃቅን ኤሌክትሮዶችን ደርድሮ እንስሳቱ ሲያሸቱ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ቀዳ።

ያገኘው ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። የሽታው መለያ በአንድ «የሙዝ ሕዋስ» ወይም በአንድ «የሰጋቱራ ሕዋስ» ውስጥ አልተቀመጠም፤ በሁሉም ኤሌክትሮዶች ላይ በተዘረጋው የሞገድ ከፍታና ዝቅታ ውስጥ ተሰራጭቷል። ከዚህም በላይ ጥንቸሎቹ የሰጋቱራን ሽታ ተምረው፣ ቀጥሎ የሙዝን ሽታ ሲማሩ፣ ከዚያ ተመልሰው ሰጋቱራ ሲያሸቱ የመጀመሪያው ቅርጽ አልተመለሰም። አዲስ ትምህርት አሮጌውን ትዝታ ጭምር ቀይሮታል። ሽታው ለእንስሳው ያለው ትርጉም፣ ምግብ ያስገኝለታል ወይስ አያስገኝለትም፣ ሲለወጥም ቅርጹ አብሮ ይለወጥ ነበር።

ፍሪማን ከክሪስቲን ስካርዳ ጋር በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሁሉ በኬኦስ አብራራው። አንጎል በሁለት ትንፋሽ መካከል በኬኦሳዊ ሁኔታ ውስጥ ይቆያል፤ የታወቀ ሽታ ሲገባ በቅጽበት ወደ አንዱ «አትራክተር» ይሳባል። አትራክተር ማለት አንድ ሥርዓት ከተለያየ መነሻ ተነስቶም ቢሆን ወደ እሱ የሚያዘነብልበት የእንቅስቃሴ ቅርጽ ነው። እንግዳ ሽታ ሲመጣ ደግሞ ኬኦሱ አንጎልን «ይህን አላውቀውም» በሚል ሁኔታ ውስጥ ያቆየውና አዲስ አትራክተር እንዲፈጠር ዕድል ይሰጣል። እንደ እነርሱ አስተሳሰብ፣ ያለ ትርምስ አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

ተቺዎች ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነበር። ፍሪማን በሞገዱ ውስጥ ኬኦስ መኖሩን በቀጥታ አልለካም፤ ከሞገዱ ጋር የሚመሳሰል ኬኦሳዊ የሒሳብ ሞዴል ሠርቶ መመሳሰሉን እንደ ማስረጃ አቀረበ። የሚመሳሰል ሌላ ሞዴል፣ ለምሳሌ በኖይዝ የሚነዳ፣ መሥራት ይቻላል። ምልከታው ግን ከማብራሪያው ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል። በ2021 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በአይጦች ሽታ ተቀባይ ኮርቴክስ ውስጥ አንድን ሽታ የሚወክሉት ሕዋሳት በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀያየሩ እንደሚሄዱ አሳይቷል። ትዝታ እንደ ፋይል በአንድ ቦታ ተቆልፎ አይቀመጥም የሚለው የፍሪማን ግንዛቤ፣ ኬኦስ መንስኤው ሆነም አልሆነም፣ ዛሬ ደጋፊዎች አሉት።

መለኪያው ሲያሳስት

በዚያው ዘመን ሌላ ታሪክ እየሄደ ነበር፤ ብዙ ተስፋ የተሰጠበት፣ በኋላም ብዙ የተሸራረፈ። በ1983 ፒተር ግራስበርገርና ኢታማር ፕሮካቻ ከአንድ የተዘበራረቀ መስመር ተነስቶ ከበስተጀርባው ስንት ተለዋዋጮች እንዳሉ የሚገምት ዘዴ አወጡ። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ፣ ትርምስ የሚመስለው ነገር በጥቂት ቀመሮች የሚመራ ኬኦስ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዘዴው ወዲያው በኢኢጂ ላይ ዋለ፤ ኢኢጂ በራስ ቅል ላይ ኤሌክትሮድ ተለጥፎ የሚነበበው የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። በ1985 በእንቅልፍ ላይ፣ በ1986 በሚጥል በሽታ ላይ በብራስልስ የተሠሩ ጥናቶች ኬኦስ መገኘቱን አበሰሩ። በተለይ የሚጥል በሽታ በሚነሳበት ጊዜ ቁጥሩ በእጅጉ ዝቅ ይል ነበር።

ከዚያ ጥርጣሬ መጣ። በ1989 አልፍሬድ ኦስቦርንና አንቶኔሎ ፕሮቬንዛሌ ምንም ኬኦስ የሌለበት፣ ቀርፋፋ መዋዠቁ ከፈጣኑ የሚበልጥ ተራ ኖይዝ በዚያው ዘዴ ሲለካ ኬኦስ መስሎ እንደሚታይ አሳዩ። የአንጎል ሞገድ ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለ ቅርጽ አለው። በ1992 ጄምስ ታይለርና ባልደረቦቹ ማጣሪያ አቀረቡ፤ ከእውነተኛው ሞገድ ተነስቶ የየፍጥነቱን ሞገድ መጠን ጠብቆ፣ ሞገዶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ያላቸውን የጊዜ ቅንጅት የሚያዘበራርቅ «ምትክ» ሞገድ ይሠራል፤ ከዚያ ሁለቱም ይለካሉ። እውነተኛው ከምትኩ ካልተለየ ኬኦስ ተገኘ ማለት አይቻልም። በዚህ ወንፊት ሲነፋ በጤናማ ሰዎች ኢኢጂ ላይ የታወጀው ኬኦስ አብዛኛው አልተረፈም። በሚጥል በሽታ ጊዜ ከተራ ኖይዝ የተለየ ነገር መኖሩ ቢረጋገጥም፣ ያ የተለየ ነገር ኬኦስ ነው ለማለት አላበቃም።

ይህን ታሪክ ማወቅ ለታማሚዎችም ይጠቅማል። በ1990ዎቹ የልያፑኖቭን መለኪያ በኢኢጂ ላይ በመጠቀም የሚጥል በሽታ ከመነሳቱ ደቂቃዎች ቀደም ብሎ ማወቅ ይቻላል የሚሉ ጥናቶች ብዙ ቤተሰቦችን ተስፋ ሰጥተው ነበር። በ2007 ፍሎሪያን ሞርማንና ባልደረቦቹ መስኩን ሲገመግሙ፣ ቀደምቶቹ ውጤቶች በረጅምና ባልተመረጡ ቅጂዎች ላይ ሲፈተኑ እንዳልጸኑ አመለከቱ። ወደፊት የተራመደው መንገድ ሌላ ነው። በ2013 በሜልበርን በ15 ታማሚዎች ላይ በራስ ቅል ውስጥ ከአንጎል ጋር የተያያዘ መሣሪያ ለወራት የሞገዱን ልማድ እያጠና ለአንዳንዶቹ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ችሏል። በ2018 ደግሞ የበሽታው መነሳት በብዙ ታማሚዎች ላይ ከቀናት እስከ ሳምንታት የሚዘልቅ ዑደት እንደሚከተል ታየ። ትንበያው በመቶኛ ዕድል የሚነገር ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሚጥል በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ 80 በመቶ የሚጠጉት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ውስጥ ናቸው። እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በተገቢው ምርመራና መድኃኒት ያለ ጥቃት ሊኖሩ ይችላሉ። እንደ ፌኖባርቢታል ያለው መድኃኒት ርካሽና ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ለአብዛኛው ታማሚ የጎደለው ረቂቅ የትንበያ መሣሪያ ሳይሆን ይህ ተራ ክኒን፣ እሱን የሚያዝ የጤና ባለሙያና ሳይሸማቀቁ የሚታከሙበት አካባቢ ነው። «የአንጎልን ኬኦስ እናስተካክላለን» እያለ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥም፣ ከላይ ያለውን የመለኪያ ታሪክ አስታውሶ ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ትርምስን መግራት

አዲሱ ጥናት ጥያቄውን ቀይሯል። «አንጎል ኬኦሳዊ ነው ወይስ አይደለም?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ክፍል፣ መቼ፣ ምን ሲገጥመው?» ወደሚል ዞሯል። ሶምፖሊንስኪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1988 በዘፈቀደ የተያያዙ የነርቭ ሞዴሎችን ሲያጠና፣ ግንኙነቶቹ ደካማ ሲሆኑ እንቅስቃሴው እንደሚከስም፣ ከተወሰነ ጥንካሬ ሲያልፉ ግን ኔትወርኩ በራሱ ጊዜ ኬኦስ ውስጥ እንደሚገባ አሳይቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ካናካ ራጃንና ላሪ አቦት ከእርሱ ጋር በ2010 ያወጡት ሥራ ተጨማሪ ነገር አመጣ፤ ኬኦሳዊ የሆነው ያው ኔትወርክ በቂ ኃይል ያለው መልእክት ከውጭ ሲገባበት ትርምሱ ይታፈናል፣ እንቅስቃሴውም መልእክቱን ተከትሎ ይሰለፋል።

በዚያው ዓመት ማርክ ቸርችላንድና በርካታ ተባባሪዎቹ ከዝንጀሮዎችና ከድመቶች ልዩ ልዩ የኮርቴክስ ክፍሎች የተሰበሰቡ ቅጂዎችን አንድ ላይ መረመሩ። አንድ ምስል ወይም ሌላ ቀስቃሽ ነገር ሲቀርብ የሕዋሳቱ መልስ ከድግግሞሽ ወደ ድግግሞሽ የሚያሳየው ልዩነት ይቀንሳል፤ እንስሳው ነቅቶም ይሁን በማደንዘዣ ሥር ሆኖ። ሞዴሉ የሚለውና ሕያው አንጎል የሚያሳየው በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ይህ ኬኦስን በቀጥታ አያረጋግጥም፣ ኖይዝም ሊቀንስ ይችላልና፤ ሆኖም ዓለም ወደ አንጎል ሲገባ ትርምሱን እንደሚያሰልፈው የሚያሳይ ከባድ ማስረጃ ነው።

ትርምሱ ለመማር እንደሚያገለግልም ከሞዴሎች ታይቷል። ዴቪድ ሱሲሎና አቦት በ2009 ከመማሩ በፊት ኬኦሳዊ የነበረ ኔትወርክ ወስደው፣ ውጤቱን ወደ ራሱ እየመለሱ ስሕተቱን በፍጥነት በማረም የተወሰኑ ውስብስብ እንቅስቃሴዎችን እንዲያመነጭ አስተማሩት። መነሻው ላይ ምንም የማይንቀሳቀስ ኔትወርክ ቀስ ብሎና በደከመ ሁኔታ ሲማር፣ በልክ ኬኦሳዊ የሆነው ፈጥኖና በተሻለ ጥራት ተማረ። ልኩን ያለፈው ደግሞ ጨርሶ አልታረም አለ። በትርምሱ ውስጥ ብዙ ዓይነት እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስላለ ትምህርቱ ከዚያ መምረጥና ማጽናት ይሆናል።

በሕያው እንስሳ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ዜብራ ፊንች የተባለችው ትንሽ ወፍ ናት። ወንዱ ጫጩት የአባቱን ዜማ የሚማረው ለሳምንታት እየተንተባተበ ነው። በ2005 የታተመ ጥናት በወፉ አንጎል ውስጥ ኤልማን የተባለው ክፍል ለጊዜው ሥራ ሲያቆም መንተባተቡ እንደሚጠፋና ዜማው ወዲያው ተደጋጋሚና ወጥ እንደሚሆን አሳየ። ልዩነቱ ስንፍና አልነበረም፤ አንጎል ለመሞከሪያ ብሎ የሚያመነጨው ነው። ያ ልዩነት ከኬኦስ ይመንጭ ወይስ ከኖይዝ ግን ከዚህ ሙከራ ብቻ አይታወቅም፤ ይህን ጥናት ለኬኦስ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አንድ እርምጃ ዘሎ መሄድ ነው።

«የኬኦስ ጠርዝ»

በመገናኛ ብዙኃን ከሁሉ በላይ የሚወደደው ሐረግ ይህ ነው። ሐሳቡ አንጎል በሙት ሥርዓትና በሙሉ ትርምስ መካከል ባለው ድንበር ላይ ሲቀመጥ መረጃን በተሻለ ያስተናግዳል የሚል ነው። ጆን ቤግስና ዲትማር ፕሌንዝ በ2003 በአይጥ ኮርቴክስ ቁራጭ ላይ እንቅስቃሴ እንደ ናዳ ሲዛመት፣ ትንንሾቹ ናዳዎች ብዙ፣ ትልልቆቹ ጥቂት ሆነው በአንድ የሒሳብ ሕግ እንደሚሰራጩ ማግኘታቸው ሐሳቡን አጠናከረው። በ2022 ዳንኤል ቶከርና ባልደረቦቹ የነቃ ሰው የኮርቴክስ ቀርፋፋ ሞገዶች ለዚህ ድንበር ቅርብ እንደሆኑ፣ በማደንዘዣና በሚጥል በሽታ ጊዜ ግን ከድንበሩ እንደሚርቁ አመልክተዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። ያው የሒሳብ ሕግ ምንም ድንበር በሌለበት ሥርዓት ላይም ሊታይ እንደሚችል አላን ዴስተክስና ጆናታን ቱቡል በተከታታይ ሥራዎቻቸው አሳይተዋል። የናዳ ድንበርና የኬኦስ ድንበር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ጽሑፎች ግን ያቀላቅሏቸዋል። ለሕክምና የሚጠቅም ነገር ከዚህ ሊወጣ እንደሚችል አምናለሁ፣ በተለይ ራሱን የሳተ ታማሚ ውስጣዊ ንቃት ይኑረው አይኑረው ለመለየት፤ ለዚያ ግን ገና በብዙ ሆስፒታሎች መፈተን ይኖርበታል።

ነጻ ፈቃድና ማሽን

በ2007 ያኔ በርሊን ይሠራ የነበረው ቢዮርን ብሬምብስ ያለበት ቡድን ዝንቦችን ምንም ምልክት በሌለበት ነጭ ከበሮ ውስጥ አስሮ መዞሪያቸውን ለካ። መዞራቸው ተራ ኖይዝ ቢሆን ኖሮ ሊኖረው የማይችል ውስጣዊ ቅርጽ ነበረው። ዜናው «ዝንቦች ነጻ ፈቃድ አላቸው» በሚል ርእስ በየአገሩ ዞረ። ጥናቱ ያሳየው ግን ያነሰና የበለጠ አስደሳች ነገር ነው፤ የዝንብ አንጎል ከውጭ ምንም ሳይመጣለት ራሱ ልዩ ልዩ ድርጊት ያመነጫል። ለሚያሳድዳት ጠላት ቀጣይ እርምጃዋ የማይገመት ዝንብ ከዚህ ምን እንደምታተርፍ መገመት አይከብድም።

ከዚህ ወደ ነጻ ፈቃድ መሻገሪያ ድልድይ የለም። ኬኦስ በሕግ የታሰረ ነው፤ የማይተነበየው የእኛ ልኬት ጎዶሎ ስለሆነ ነው። አንድ ድርጊት ሊተነበይ ባለመቻሉ ብቻ የፈቃድ ውጤት ቢሆን ኖሮ ደመናም ፈቃድ በኖረው ነበር። ለነጻ ፈቃድ የሚሟገቱ ፈላስፎችም የሚያነሱት ምክንያት፣ ዓላማና ኃላፊነትን ነው፤ እነዚህ በልያፑኖቭ መለኪያ አይለኩም።

ከማሽኑ ጋር ያለው ንጽጽርስ? ዛሬ የምናውቃቸው ቋንቋ የሚያመነጩ ሞዴሎች ጥያቄ ካልቀረበላቸው በውስጣቸው ምንም አይንቀሳቀስም፤ መልሳቸው የሚለያየውም ቀጣዩ ቃል ሲመረጥ በሚጨመር የዕጣ ቁጥር ነው። አንጎል ግን ተኝቶም ቢሆን አያርፍም፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከእረፍት ጊዜ ጉልበታችን ወደ 20 በመቶ ይወስዳል፣ አብዛኛውም ለዚህ ለራሱ ውስጣዊ እንቅስቃሴ ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም በኬኦሳዊ ኔትወርክ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ማሽኖችም አሉ፤ ስለዚህ ኬኦስን የሰው ብቻ አጥር ማድረግ አያስኬድም።

ኬኦስ የሚያስከትለው ነገር የሚታየው ይልቁንም አንጎልን በኮምፒዩተር «መቅዳት» በሚለው ዕቅድ ላይ ነው። በ2024 የአንዲት ጎልማሳ የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ የአንጎል ካርታ ከ139 ሺህ በላይ ሕዋሳትና ከ50 ሚሊዮን በላይ ግንኙነቶች ጋር ታትሟል። ካርታው ሙሉ ቢሆንም፣ ሥርዓቱ ኬኦሳዊ ከሆነ፣ ከካርታው የተሠራ ቅጂና እውነተኛው አንጎል ከተመሳሳይ መነሻ ተነስተው በአጭር ጊዜ ይለያያሉ። ቅጂው የዝንብን ጠባይ ሊኖረው ይችላል፤ የዚያችን ዝንብ ቀጣይ እርምጃ ግን ሊነግረን አይችልም።

የትርምሱን መጠን ለመወሰን የሚያስፈልገው ሙከራ ዛሬ እጅ ላይ ነው። በዘረመል ዘዴ ብርሃን እንዲሰማቸው የተደረጉ ሕዋሳትን አንድ በአንድ በጨረር መቀስቀስና በዙሪያቸው ያሉ መቶዎቹን በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ሰልማን ቸቲህና ክሪስቶፈር ሃርቪ በ2019 ይህን በነቁ አይጦች የእይታ ኮርቴክስ ላይ ሲሠሩ፣ አንድ ሕዋስ ሲቀሰቀስ ከእሱ ጋር ተመሳሳይ ምስል የሚወዱ ጎረቤቶቹ በአማካይ ታፈኑ እንጂ አልተነሳሱም። በማደንዘዣ ሥር ባለ አይጥ ላይ የተገመቱት 28 ምቶችና በነቃው አይጥ ላይ የታየው መታፈን እንዴት እንደሚታረቁ ለማወቅ፣ ተመሳሳይ ቅስቀሳ በአንድ እንስሳ ላይ ነቅቶም ተኝቶም፣ ምስል እያየም በጨለማም እያለ መደገም ይኖርበታል።